ጤነኞቹ ቢምቢዎች

ኻድራ ቢምቢ ታረባ ነበር። ሰው ፍየል ያረባል፣ ዶሮ ያረባል፤ ቢምቢ ማንም ሳይጠራት በምትመጣበት በድሬዳዋ፣ ደሞዝ ተቆርጦላት ቢምቢ የምታረባ ሴት ግን እሷ ብቻ ነበረች። ቀፊራ ገበያ ስትወርድ ቲማቲም ሻጮቹ ሳይቀሩ «አቦ ኻድራ፣ መንጋሽ እንዴት ነው? ወለደ?» ይሏታል። አትቀየምም። «ወለደ፣ ያውም መንታ መንታ!» ብላ ዘንቢሏን አንስታ ትሄዳለች።

የምትሠራው ከሳቢያን ሠፈር ወጣ ብላ በነበረች አንዲት ትንሽ የነፍሳት ምርምር ጣቢያ ነው። ጣቢያዋ የምትፈትነው የትኛው መድኃኒት ቢምቢን እንደሚገድል ነበርና ለመሞት የተዘጋጁ ቢምቢዎች ሁልጊዜ ያስፈልጓታል። ቡራሌ የሚባለው ባልደረባዋ በየሰዉ ግቢ እየዞረ ከውሃ በርሜል ውስጥ እጭ ጨልፎ ያመጣል። ኻድራ እጩን በሳፋ ታሳድጋለች፤ ክንፍ ሲያወጣ በአጎበር ጨርቅ በተሸፈነ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ትለቀዋለች። ሳጥኑ በአንድ ጎኑ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ያለ የጨርቅ መግቢያ አለው። ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

ሴቷ ቢምቢ ደም ካልቀመሰች እንቁላል አትጥልም። ሌላ አገር ጥንቸል ያስገቡላቸዋል አሉ። ለድሬ ጣቢያ ጥንቸል ማን ይሰጣል? ስለዚህ ሠራተኛው ተራ ገብቶ የገዛ ክንዱን በእጅጌው ይከታል። «ቁርስ ማብላት» ነው የሚሉት። ተረኛው ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ አንድ እጁን ለቢምቢዎቹ ሰጥቶ በሌላው ሻይ ይጠጣል፣ ያወራል፣ ይሳደባል። ሲያበቃ ክንዱን በሎሚ አሽቶ ወደ ሥራው ይመለሳል።

አይፈሩም ነበር ወይ? ለምን ይፈራሉ! በሽታ ለእነሱ ወባ ነበር፤ የወባን ነገር ደግሞ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ክንዱን የሚያስገባ ሁሉ መጀመሪያ ጣቱን ይወጋል። ሸዋገነት የምትባለው የማይክሮስኮፕ ሠራተኛ ደሙን በመስታወት ላይ ቀብታ ትመረምራለች፤ ወባ ከሌለበት «እለፍ» ትለዋለች። ቢምቢዎቹም እዚያው ሳፋ ውስጥ የተፈለፈሉ፣ የውጭ ሰው ነክሰው የማያውቁ ናቸው። ታዲያ በሽታ ከየት ያመጣሉ? ለወባ ይህ ሁሉ ልክ ነው። ዓለም ላይ ሌላ በሽታም መኖሩ ትዝ ያለው ግን አልነበረም።

ሸዋገነትና ኻድራ የሥራ ባልደረቦች ብቻ አልነበሩም። ገንደ ቆሬ አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ግድግዳ ተከፍለው ነው የሚኖሩት፤ በርሜላቸው አንድ፣ የልብስ ገመዳቸው አንድ፣ ኩርፊያቸውም ከምሳ አያልፍም። የሸዋገነት ባል አየነው የጣቢያው ሾፌር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሦስቱም በአሮጌው ላንድሮቨር እየተንገጫገጩ ይሄዳሉ። ኻድራ ባሏ ጅቡቲ ሄዶ በዚያው ከቀረ ወዲህ ቤተሰብ የምትላቸው እነሱን ነው። ሸዋገነት ስትስቅ ግቢው ሁሉ ይስቃል፤ ስትቆጣ ግን በርሜሉም ይደነግጣል።

አስቸጋሪው ነገር ረመዳን ነው። እነዚህ በበርሜል ውሃ የሚፈለፈሉት፣ እግራቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላቸው ቢምቢዎች የሚነክሱት በቀን ነው። ጀምበር ስትጠልቅ እንደ ዶሮ ይሰፍራሉ፤ አፍጥሬ ላብላቸው ብትል የሚሰማህ የለም። ጾመኛ በጠራራ ፀሐይ ደሙን አውቆ ቢያጠጣስ ጾሙ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም? ኻድራና ቡራሌ ሄደው የሠፈሩን ሼክ ጠየቁ። ሼኩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና «ቢምቢ ሰርቃ ብትነክስሽ ምንም የለበትም፤ ጋብዘሻት ከሆነ ግን እኔም አላውቅም። ብትተዪው ይሻልሻል» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ውል ገቡ። በረመዳን ሸዋገነትና አየነው ያበላሉ፤ በሁዳዴ ደግሞ ሸዋገነት «ከጾም ላይ ደም ቢቀነስብኝ እወድቃለሁ» ስለምትል ኻድራና ቡራሌ ያበላሉ። ውሉን የጻፈው የለም፤ ያፈረሰውም የለም። ድሬ እንደዚህ ናት።

በ1976 ዓ.ም. ረመዳን የገባው ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነበር፤ የድሬ ሙቀት ሰውን ከነልብሱ በሚቀቅልበት ጊዜ። ጾሙ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ቡራሌ የመስኮቱን ሳጥን አብልቶ ነበር። የመስኮቱ ሳጥን የሚባለው መስኮት ሥር የሚቀመጠው ትልቁ ሳጥን ነው፤ የኻድራ የዓይን ብሌን። በማግሥቱ ቡራሌ ከአልጋው መነሳት አቃተው። «አባዮ፣ እህቴ፣ አጥንቴን እንደ ሸንኮራ ቆራረጡኝ» እያለ አቃሰተ። ሸዋገነት ደሙን መረመረች፤ ወባ የለም። ወባ ካልሆነ ምንድን ነው? ምች ነዋ! ዳማከሴ አሸተው አጠጡት፤ ሰውነቱ ሽፍ ብሎ ሰነበተና ድኖ ተነሳ፤ ገጠር ዋሂል ሄዶ የግመል ወተት ጠጥቶ ሲመለስ ጭራሽ ወፍሯል።

ኻድራ እውነቱን ለመናገር ከቡራሌ ይልቅ ያሳሰቧት ቢምቢዎቿ ነበሩ። ደሙን ጠጥተዋላ! የታመመ ሰው ደም ቢመርዛቸውስ? በየቀኑ ሳጥኑ ሥር ቁጢጥ ብላ ታያቸዋለች። አንዲትም አልሞተችም። በረሩ፣ ተዳሩ፣ እንቁላላቸውን ጣሉ። ኻድራም ፈረደች። «የቡራሌ ደም ምንም አልነበረበትም። ክፉ ነገር ቢኖርበት እነዚህ ደቃቆች ቀድመው አያልቁም ነበር?» አለች። ማን ይከራከራታል? ነገሩ ለጆሮ ልክ ነው። ክፉ ውሃ የጠጣች ፍየል ትሞታለች፤ ክፉ ደም የጠጣች ቢምቢ ለምን አትሞትም?

ረመዳን ገባ፤ የኻድራ ተራ ደረሰ። በውላቸው መሠረት ሸዋገነት ልትተካት እጅጌዋን ሰብስባ መጣች፤ የመስኮቱ ሳጥን ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«ኻድርዬ፣ እነዚህ የቡራሌን ደም የጠጡት አይደሉም እንዴ?»

«ቢጠጡስ? ዋላሂ፣ አንዲት አልሞተችብኝም! እያቸው እስቲ፣ ሚዜ መስለው እኮ ነው የሚጨፍሩት። የታመመ እንዲህ ይሆናል?»

«እኔ እንጃ፣ ደስ አላለኝም።»

«ሸዋ ሙች፣ ንጹህ ናቸው! እኔ ነኝ ያሳደግኳቸው፣ አላውቃቸውም?»

ሸዋገነት ሳቀች። «አንቺ እኮ ብትወልጂም ልጅሽን እንደዚህ አትወጂም» ብላ ክንዷን አስገባች። ቢምቢዎቹ ሰፈሩባት። አንድ በአንድ ሆዳቸው ቀይ ዶቃ መሰለ፤ ኻድራም በደስታ ታያቸው ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሸዋገነት ወደቀች። ትኩሳቱ እሳት ነው። «ዓይኔን ከኋላው የሚገፋኝ ነገር አለ» ትላለች። ጉልበቷ፣ ወገቧ፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ሁሉ ይጮኻል። የገዛ ደሟን በመስታወት ቀብታ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍታ ራሷ መረመረች። «ወባ የለብኝም» አለችና እዚያው ወንበሩ ላይ ራሷን ሳተች። አየነው ተሸክሟት ወጣ። አሁንም ምች ተባለ፤ ዳማከሴ ተጨመቀ። ቡራሌ በታመመ በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ በርዶለት ነበር፤ የሸዋገነት ግን በአምስተኛው ቀን ድዷ መድማት ጀመረ። ክንዷ ላይ ማንም ሳይነካት ጥቋቁር ነጠብጣብ ወጣ። ኻድራ ያን ባየች ጊዜ «ያ ረቢ፣ ይሄ ምን ዓይነት ምች ነው!» ብላ ጮኸች፤ ሆስፒታል ወስደው አስተኟት።

ከአዲስ አበባ ዶክተር አለምብርሃን የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ድሬ ውስጥ የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪን የማይበግረው ትኩሳት በዝቷል ተብሎ ነው የተላከው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀሐይ ያቃጠለው አፍንጫ ያለው ሰው፤ በእጁ የበረዶ ሳጥን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከመኪና ወረደ። ኻድራ ገና በሩ ላይ «ና ግባ፣ አንተ ነህ ዶክተሩ?» ስትለው ዓይኑን አርገበገበ።

«አትቀየም ዶክተር፣ ድሬ ውስጥ አንቱ የለም። ሚኒስትርም ቢመጣ አንተ ነው» አለው አየነው።

ዶክተሩ ስለ ሸዋገነት ጠየቀ፤ ስለ ቡራሌ ጠየቀ፤ ስለ ሳጥኖቹ ጠየቀ። ክንዳቸውን እንደሚያስገቡ ሲነግሩት እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«የመጀመሪያው በሽተኛና ሁለተኛዋ አንድ ሳጥን ነው ያበሉት?»

ኻድራ ቱግ አለች። «ስማኝ ዶክተር፣ ሳጥኔን እንዳትነካብኝ! ቢምቢዎቼ ንጹህ ናቸው። በሽታውን ይዘውት ቢሆን ኖሮ ራሳቸው ይታመሙ አልነበረም?»

«ይህን ነው የምናየው» አለ እሱ በቀስታ።

ከበረዶ ሳጥኑ ውስጥ ትናንሽ ጠርሙሶች አወጣ፤ በወለላቸው ላይ ዓይን የማያየው ነገር ተነጥፏል። «ሴል ማለት ሥጋችን የተገነባበት ጡብ ነው» አላት። «ግን ሕይወት አለው። ጠርሙስ ውስጥ ምግብ ከሰጡት ይኖራል፣ ይራባል።»

«እንደ እኔ መንጋ ማለት ነው።»

«ልክ እንደ አንቺ መንጋ። ይህኛው ከቢምቢ የተወሰደ ሴል ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከጦጣ ኩላሊት። የጦጣ ሥጋ ለእኛ ይቀርባል፤ እኛን የሚያጠቃ ቫይረስ እሱንም ያጠቃዋል።»

በማይክሮስኮፕ አሳያት። የቢምቢው ሴሎች እንደ ተበተነ ማሽላ ክብ ክብ ናቸው፤ የጦጣው ደግሞ ጥግ ለጥግ ተገጣጥሞ እንደ ሰሌን ተነጥፏል። ኻድራ ለረጅም ጊዜ አየች፤ ወደደችውም። ከዚያ ዶክተሩ ከመስኮቱ ሳጥን ጥቂት ቢምቢዎች ወስዶ በሙቀጫ ሲፈጫቸው ፊቷን አዞረች። የተፈጨውን አጣርቶ ከቢምቢው ጠርሙስ ጠብ አደረገ፤ ከአንዱ የጦጣ ጠርሙስም ጠብ አደረገ። ሁለተኛውን የጦጣ ጠርሙስ ምንም ሳይጨምርበት ከጓደኛው ጎን፣ በመብራት በሚሠራ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው።

«ውጤቱ እስኪታይ ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ ማንም ክንዱን እንዳያስገባ። ማንም! ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ» አለች ኻድራ። ሰምታለች እውነትም። መስማት ብቻውን ምን ያደርጋል!

ዶክተሩ ውሎው ሆስፒታል ሆነ። የሸዋገነት ነገር ወዲያም ወዲህም አላለም፤ ደሙ አልቆመም፣ ትንፋሿም አልተቋረጠም። ኻድራ ከሥራ ወጥታ እሷ ጋ ትሄዳለች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ ታረጥባለች። ውስጧን የሚበላው ግን አንድ ነገር ነው። ከሳጥኑ ከሆነስ? «ሸዋ ሙች፣ ንጹህ ናቸው» ያለችው ማን ናት? እንቅልፍ ነሳት። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚባለው በእሷ ደረሰ።

ቢምቢዎቹም ተራቡ። የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ካሣ ደግሞ በአሥረኛው የአብዮት በዓል ሽር ጉድ ላይ ነው፤ ለበዓሉ የሙከራው ውጤት መድረስ አለበት። «እንቁላል የት አለ? ቢምቢ ከሌለ ምን ልናሳይ ነው?» እያለ በሩ ላይ ይንጎራደዳል። ኻድራ አፏን ይዛ ታገሠች፤ ታገሠች፤ አንድ ቀን ግን ዶክተሩ ሆስፒታል እንዳለ ጠርሙሶቹን ራሷ ልታይ ቆረጠች።

የቢምቢውን ጠርሙስ ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረገች። ያ ረቢ፣ ምን ዓይነት ውበት ነው! ክብ ክብ፣ ድቡልቡል፣ ከፊተኛው ይልቅ በዝተዋል። አንድ የተሸበሸበ የለም። ልቧ በደስታ ዘለለ። አንደኛውን የጦጣ ጠርሙስ አየች። እሱ ተበላሽቷል። ንጣፉ ተቦጫጭቋል፤ ሴሎቹ ከወለሉ ተላቀው እንደ ፍርፋሪ ይንሳፈፋሉ፤ ባዶ መስታወት ነው የቀረው። ኻድራ ትንሽ ግራ ገባት፤ ወዲያው ግን ነገሩ ተገለጠላት። ሙቀቱ ነው! ትናንት መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ሳጥን ተዘበራርቆ የለ? ጦጣ የደጋ ፍጥረት ነው፣ የድሬን ሰኔ ከየት ይችለዋል! ቢምቢዋ ግን የአገሯ ልጅ ናት። የቢምቢን ነገር ደግሞ የቢምቢ ጠርሙስ ካልተናገረ ማን ሊናገር ነው? ሁለተኛውን የጦጣ ጠርሙስ ለማየት እንኳ አልተጨነቀችም።

«አልሃምዱሊላህ!» እያለች ወደ ግቢው ሮጠች። አየነው ላንድሮቨሩ ሥር ተጋድሞ ዘይት ይቀይር ነበር። እግሩን ይዛ ጎተተችው።

«ንጹህ ናቸው! አየሁት፣ በዓይኔ አየሁት! ከሳጥኑ አይደለም!»

አየነው ተነስቶ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ሚስቱ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እሰይ! እኔም ክፉ ነገር አስቤብሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ» አለና ወዲያው እጅጌውን ሰበሰበ። «በይ እንግዲህ፣ የሸዋን ተራ እኔ ልሙላላት። ጓድ ካሣ ሥራ በደለች ብሎ ሰው እንዳይተካባት።»

ኻድራ ወንበሩን ራሷ ሳበችለት። የመስኮቱን ሳጥን እጅጌ ራሷ ፈታችለት። የተራቡት ቢምቢዎች ክንዱን አለበሱት፤ እሱም እየሳቀ «ቀስ፣ ቀስ! ለማታም አስተርፉ» አላቸው።

ዶክተር አለምብርሃን በማግሥቱ መጣ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አየ።  ድጋሚ አየ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ኻድራ ያን ፊቱን ስታይ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

«ምነው? የቢምቢው ደህና አይደለም እንዴ?»

«በጣም ደህና ነው። የሚያስፈራውም እሱ ነው።»

«የጦጣውን ሙቀት ነው ያበላሸው፤ መብራት ጠፍቶ—»

«ይህንንስ?» አለና ሁለተኛውን የጦጣ ጠርሙስ ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረገላት። ያ ጥግ ለጥግ የተገጠመ ሰሌን ምንም ሳይነካው ተነጥፏል። «አንድ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ፣ ጎን ለጎን ነው ያደሩት። መብራቱም የጠፋው ለሁለቱም ነው። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው፤ ያኛው ካንቺ ቢምቢዎች ጠብ ተደርጎበታል፣ ይህኛው አልተደረገበትም።»

ኻድራ ሁለቱን ጠርሙሶች ደጋግማ አስተያየች። 

«ቫይረሱ ሁለቱም ውስጥ ገብቷል» አለ ዶክተሩ። «የጦጣው ሴል ውስጥ ሲገባ ሁሉን ይዘርፋል፣ ይራባል፣ ቤቱን አፍርሶ ይወጣል። የቢምቢው ሴል ውስጥም ይራባል፤ ግን ቤቱን አያፈርስም። እንደ ተከራይ ይኖራል። ሴሉ ይበላል፣ ይወልዳል፣ ቫይረሱንም እያንጠባጠበ ዕድሜውን ሁሉ ይኖራል። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን በደንብ ያወቀው ሰው የለም። ምናልባት ከጥንት ጀምሮ ስለተላመዱ ይሆናል። ቢምቢን አይገድላትም፤ ብትሞትበት ማን ተሸክሞ ወደ እኛ ያመጣዋል?»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ኻድራ ሳጥኑን ዞር ብላ አየችው። ቢምቢዎቹ ጠግበው፣ አምሮባቸው፣ አጎበሩ ላይ ተለጥፈዋል። የዘመረችላቸው ጤና፣ በሸዋገነት ነፍስ የማለችበት ጤና፣ ለካ የምንም ምስክር አልነበረም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ይኸ ነው። 

«አላምንም። የጦጣው በሌላ ነገር ሞቶ ይሆናል። የቢምቢው ጠርሙስ ውስጥ ምንም የለም፤ ባዶ ነው!» አለች።

ዶክተሩ አልተከራከረም። ከዚያ ካማረው የቢምቢ ጠርሙስ አንዲት ጠብታ ቀዳና ጤነኛው የጦጣ ጠርሙስ ላይ ጠብ አደረገ። «ባዶ ከሆነ ይህ ንጣፍ እንደተነጠፈ ይቆያል። ቫይረስ ካለበት ያልቃል» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ከነገርኩሽ በኋላ ክንዱን ያስገባ የለም፣ አይደል?»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «የለም» አለች።

ለምን ዋሸች? ፈራቻ! ያ ጠርሙስ ደህና ከሆነ የምትናገረው ምን አለ? አየነውም ደህና ነው፤ ሸዋገነትም ከሌላ ቦታ ነው የታመመችው፤ እሷም ነፍሰ ገዳይ አይደለችም። ጠርሙሱ ካለቀ ግን… እዚህ ስትደርስ ሐሳቧን ትቆርጠዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቷ ሁሉ ለጦጣ ኩላሊት ሆነ። ከስግደቷ ስትነሳ «ያ አላህ፣ እነዚያን ሴሎች ጠብቃቸው» ትላለች። አየነው «ዛሬም ላብላቸው?» ሲላት «ጠግበዋል፣ ጠግበዋል!» ብላ ትጮህበታለች፤ እሱም ግራ ገብቶት ይሄዳል። ፊቱን ታያለች፣ አረማመዱን ታያለች፣ ሲያስል ልቧ ይቆማል። ሰውዬው ግን ያፏጫል።

ሆስፒታል ውስጥ የሸዋገነት ደም ቆመ። መጀመሪያ ድዷ ደረቀ፤ ቀጥሎ ትኩሳቷ ወረደ፤ ዓይኗን ገልጣ ሾርባ ጠየቀች። አየነው ነርሷን አቅፎ ሊስማት ምንም አልቀረው። ኻድራም አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ግን በደስታ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ዶክተሩ ጠራት። ከማይክሮስኮፑ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጣት። ኻድራ ዓይኗን ሰካች። ንጣፉ የለም። ተቦጫጭቆ፣ ተላቆ፣ ፍርፋሪ ሆኖ ይንሳፈፋል። የገደለችው ከዚያ ካማረ፣ ከዚያ ምንም ካልሆነ ጠርሙስ የተቀዳች አንዲት ጠብታ ናት። የተቀዳችበት ጠርሙስ ዛሬም ሞልቶ አምሮበታል።

«ዶክተር፣ ዋሽቼሃለሁ። አየነው አብልቷል» አለች።

ዶክተር አለምብርሃን ከወንበሩ ብድግ አለ። «መቼ?» ነገረችው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሲገልጠው ግን አልሰደባትም። «ለዚህ በሽታ እንክብል የለም። ውሃ፣ ዕረፍት፣ ክትትል። አብዛኛው ሰው ይድናል፤ እንደ ሸዋገነት የሚደማም አለ። ቶሎ ብለሽ ፈልጊው፤ አጎበር ሥር መተኛት አለበት፣ ሌላ ቢምቢ እንዳትነክሰው። እኔ ሳጥኖቹን በፈላ ውሃ አጥፍቼ እመጣለሁ።»

አየነው ወደ ሆስፒታል ሄዷል አሏት። ጋሪ ያዘች። ጋሪው የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አቋርጦ እስኪደርስ ባለ ጋሪውን እንደ ፈረሱ ስትወተውተው ነበር።

ሸዋገነት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ቢገረጣም ሳቋ ተመልሷል። «ኻድርዬ! ነገ ትወጫለሽ አሉኝ እኮ!»

«አየነውስ?»

«ፓፓያ ሊገዛልኝ ወጣ። ምነው፣ ምን ሆነሻል? ጾሙ ነው?»

ኻድራ አልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። «ሸዋ፣ ከሳጥኑ ነው። ከእኔ ሳጥን ነው የታመምሽው። ቢምቢዎቹ ራሳቸው አይታመሙም፤ ዶክተሩ አሳየኝ። ንጹህ ናቸው ብዬ እኔ ነኝ ያስነከስኩሽ።»

 ሸዋገነት ማንኪያዋን በያዘችው ሾርባ ውስጥ አዞረች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የኻድራን ሻሽ አስተካከለችላት።

«ቅር አላለኝም ብልሽ ውሸት ነው» አለች። «ግን አውቀሽ አይደለም። እኔም ተርፌያለሁ፣ አይደል? ተነሺ ከመሬት። ከእኔ ወዲህ ሌላ ሰው እንዳያበላ ብቻ።»

ኻድራ ልትነግራት አፏን ስትከፍት  በሩ ተከፈተና አየነው ፓፓያውን ይዞ ገባ። ፓፓያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ግንባሩን በመዳፉ ደገፈ።

«ፀሐዩ ዛሬ ጉድ ነው! ራሴን ፈለጠኝ» አለ። «ዓይኔን ከኋላው የሚገፋኝ ነገር አለ።»

ሾርባው ከሸዋገነት እጅ ወድቆ ወለሉ ላይ ተደፋ። ባሏን አየችው። ከዚያ ኻድራን አየቻት።

«ማን ነው ያበላው?»

«እሱ ነው» አለች ኻድራ። «የአንቺን ተራ። ንጹህ ናቸው ብዬው።»

አየነው አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየ። «ምን ሆናችኋል? የራስ ምታት እኮ ነው!»

ሸዋገነት አንሶላውን ገፈፈች። እግሯ እየተንቀጠቀጠ፣ የአልጋውን ብረት ይዛ፣ በባዶ እግሯ ሾርባው ላይ ወረደች። ትራሱን ገለበጠችው፤ የአልጋውን አጎበር ከተንጠለጠለበት ፈታች።

«ተኛ» አለችው።

«ሸዋ፣ አንቺ እኮ ነሽ የታመምሽው—»

«ተኛ አልኩህ!»

አየነው ጫማውን አወለቀና ሚስቱ የተኛችበት ቦታ ላይ ጋደም አለ። ሸዋገነት አጎበሩን አወረደችበትና ጫፉን በፍራሹ ሥር ዙሪያውን ሸጎጠች። ኻድራ ልታግዛት እጇን ስትዘረጋ ሸዋገነት እጇን መታችው።

«አንቺ አትንኪው። ሂጂ፣ ዶክተሩን ጥሪ።»

ኻድራም ተነስታ ሮጠች።